የዘበኛው ድንጋይ

የዚያች ከተማ ዓመት የሚጀምረው ተማሪ ሲገባ ነው። እስከዚያ ኪራይ ቤቶቹ ባዶ፣ ሱቆቹ እንቅልፋም ናቸው። አዲሶቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲደርሱ የአቀባበል ምሽት ይደረጋል፤ ከዚያ የቲያትር ሳምንት፣ ከዚያ የመጻሕፍት ትርዒት፣ መጨረሻ ላይ ምረቃ። ሁሉም በትልቁ አዳራሽ።

የአዳራሹን የጎን በር የሠራው በያጁ ነው። ከባዶ እጅ ተነስቶ ባለ ወርክሾፕ የሆነ፣ የብረት ቁርጥራጭ እንኳ የማይጥል ሰው። በሩ ሊገጠም ሲል አንድ ወጣት መሐንዲስ ንድፉን ዘርግቶ ስለ ቀለሙ፣ ስለ አከፋፈቱ፣ ስለ ጌጡ ይከራከረው ጀመር።

«ቀለሙ አቧራ የሚችል ነው» አለው በያጁ። «በር ደግሞ ወደ ውስጥ ተከፍቶ እንግዳውን ስቦ ያስገባል እንጂ ደረቱን አይመታም። የብረት አበባውን ተወው፤ እሱ የኔ ስጦታ ነው። ልጄ ዘንድሮ በዚህ በር ነው የምትገባው። ለመሆኑ አንተ ወረቀት ላይ ስንት በር ከፍተሃል?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። መሐንዲሱም ስቆ፣ ንድፉን ጠቅልሎ ሄደ።

ልጅቷ እውነትም ገባች። ከቤቱ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች። የአቀባበሉ ምሽት ጭፈራው በደመቀበት ሰዓት የመድረኩ ሽቦ ተቃጠለ፤ መብራት ጠፋ፤ አዳራሹን ጭስ ሞላው። ዋናው በር በእሳቱ በኩል ነበርና ተማሪው ሁሉ ወደ ጎን በር ተመመ። በሩ አልከፈት አለ።

መስኮት ሰብረው የገቡ ሰዎች ልጆቹን በሩ ሥር ተደራርበው አገኟቸው። የበያጁ ልጅ ከሁሉም ፊት ነበረች፤ ብረቱ ላይ እንደተለጠፈች።

ያ ሁሉ ሰው ተጭኖበት በሩ አንዲት ብየዳ አልለቀቀም። ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዱ ይህን ሲያነሳ በያጁ አቀረቀረ። በዚያ ሐዘን መሐል በሥራው ሊኮራ ሲቃጣው አፍሮ ነው።

ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ተገኘ።

«አልቆለፍኩም» አለ ዘበኛው። ለፖሊስም ለዳኛም ከዚህች ቃል ሌላ አልነበረውም። ማስረጃ የለም ተብሎ ተለቀቀ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

«አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ዘበኛ» አለ በያጁ ለሚስቱ። «ይቺ ሒሳብ ዳኛ ያስፈልጋታል?»

«ተወው፣ የልጄ አባት። ለፈጣሪ ስጠው።»

«ፈጣሪ ሥራ ይበዛበታል።»

ለቲያትር ሳምንት ትኬት ገዝቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መድረኩን አላየም፤ ያየው ዘበኛውን ነው። ሰውየው ትርዒቱ ሳይጀመር የጎኑን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ትልቅ ድንጋይ አስደገፈው። ከዚያ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ነፋሱ ታዳሚውን ያንዘፈዝፈው ጀመር።

«አባባ፣ አለቅን እኮ በብርድ! ዝጉልን!» አለች አንዲት ተማሪ።

«ብርድ አይገድልም፣ ልጄ።»

ጓደኞቿ ሳቁ። በያጁ ጥርሱን ነከሰ።

በመጻሕፍት ትርዒቱም ያው ድንጋይ፣ ያው ዘበኛ። በያጁ መጽሐፍ የሚመርጥ መስሎ ሲጠጋው ሰውየው ዓይኑን ሰበረ። አንዴ በሩን፣ አንዴ መሬቱን ያያል እንጂ ቀና ብሎ ፊቱን አያየውም።

«ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው» አለ ማታ ለሚስቱ። «ድንጋይ ተሸክሞ ይኖራል።»

«አንተስ ምን ተሸክመህ ልትኖር ነው?» አለችው።

ለምረቃው ወላጆች ከያለበት መጡ። ልጆቻቸውን አቅፈው ፎቶ ለመነሳት የመረጡት ያንን በር ነበር፤ አበባው ያምራል። አንድ አባት ካሜራውን ለበያጁ ሰጥቶ «ወንድሜ፣ በሩ እንዳይቆረጥብን አደራ» አለው። በያጁ አነሳቸው። ካሜራውን ሲመልስ ዘበኛውን ከወዲያ ማዶ ሲያየው ያዘው።

እዚያው ቆረጠ። ሌላ አቀባበል ይህ ሰው አይደርስም።

አዲሶቹ ተማሪዎች በገቡ ማግስት፣ የአቀባበሉ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ትልቁን መዶሻውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሄደ። አዳራሹ ጭር ብሏል። ዘበኛው ብቻውን ወንበር ይደረድራል። በያጁ በጎን በር ገባና ድንጋዩን በእግሩ ገፋው። በሩ በክብደቱ ሄዶ ተገጠመ።

ዘበኛው መዶሻውን አየ። አልሸሸም።

«ዓመቱን ሙሉ ስትከተለኝ ነበር» አለ።

«ለምን ቆለፍከው? ይቺን ብቻ ንገረኝ።»

«አልቆለፍኩም።»

«አሁንም!»

«ወንድሜ፣ ልጁን በቀበረ ሰው ላይ ሌላ ሸክም መጫን ከብዶኝ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ ግን አዲሶቹ ይመጣሉ። አለቆቼ ደግሞ ያንን ድንጋይ ካላነሳህ እናባርርሃለን ብለውኛል።» ቁልፉን አወጣና የበያጁ መዳፍ ላይ አኖረው። «ይኸው። መቀርቀሪያውን እይ።»

በያጁ ጎንበስ ብሎ አየ። መቀርቀሪያው ወደ በሩ ውስጥ ተሰብስቦ ገብቷል፤ ክፈፉን አልነካም።

«ክፍት ነው» አለ።

«ክፍት ነው። ያን ዕለትም እንዲሁ ነበር። በል ልጅህ በቆመችበት ቁም።»

ለምን እንደታዘዘው በያጁ ራሱ አላወቀም። መዶሻውን መሬት አስቀምጦ በሩን ተጠግቶ ቆመ፤ የብረቱ አበባ ፊቱ ላይ መጣ። ዘበኛው ከኋላው ዞረና በሙሉ ክብደቱ ጀርባው ላይ ተጫነ።

«የሚገፋህ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው» አለው በጆሮው። «ክፈትና ውጣ።»

በያጁ እጀታውን ሳበ። በሩ ደረቱን መታና ቆመ።