ጋቢ ውስጥ የበራ ባትሪ

ሽማግሌው የእጅ ባትሪውን የነጋዴው የሚስባህ መደብ ላይ ወርውረው የመርሳን ገበያ በጩኸት አናወጡት። "በጣት ሲነኩት የሚሰረጉድ፣ ይኼም ዕቃ ሆኖ ይሸጣል? ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሳደርገው አድሬ ነው የመጣሁ፣ እስቲ አብርተህ እየው!"

"መብራቱ ግን ወላሂ ዓይን ያጠፋል፣ አባባ። ፀሐይ ስለሆነ ነው የማይታይዎት" አለ ሚስባህ።

"እንግዲያው ና!" ባትሪውን አንስተው፣ ሚስባህን አንገቱን ይዘው ጋቢያቸውን ሁለቱም ራስ ላይ ጣሉት። ባትሪው ቦግ ሲል የሽማግሌው ሽበት አንድ በአንድ ተቆጠረ።

"ይኸው! አላልኩም?" ሚስባህ ሊወጣ ሲል ክንዱን ጨመደዱት።

"የት አባክ ልትሄድ! ቆይ!"

በላብ ተጠምቀው ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ጭል ጭል አለና ድርግም አለ።

"ባለቤቴ ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ ልክ እንዲህ ጠፋባት" አሉ ሽማግሌው።