ፈረሱ ሰላም እያለ አልነበረም

«እማ... በፈጠረሽ ተቀመጪ። ሰው እያየን ነው።»

ክርቲስ የእናቱን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል።

እናቱ ወይዘሮ ቨርና ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቆመዋል። አይቀመጡም።

ቴነሲ ውስጥ፣ ተራራው ሥር ባለችው የመዝናኛ ከተማ ነው ነገሩ የሆነው። ቤተሰቡ ለእረፍት ከኬንታኪ መጥቶ የከሰዓቱን የፈረስ ትርኢት ከነምግቡ እያየ ነበር።

አዳራሹ መሐል ላይ አሸዋ... ዙሪያውን ሺህ ሰው።

ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ። በተቀመጥክበት በኩል ያለው ፈረሰኛ ያንተ ነው። ለእሱ ትጮህለታለህ፣ በሌላው ላይ ትጮህበታለህ። ሹካ የለም። ዶሮው ሙሉውን ይመጣል፣ በእጅህ ትገነጥላለህ፣ ቅባት በነካው እጅህ ጠረጴዛውን ትደበድባለህ።

እነቨርና ሰማያዊ ናቸው። ለሰማያዊ የምትጋልበው ኬንድራ የምትባል ወጣት ናት። ፈረሷ ፔፐር ይባላል።

እየመሩ ነው። የቀራቸው አንድ ዝላይ ብቻ... በሚነድ ቀለበት ውስጥ።

ፔፐር በሶምሶማ ሲዞር ራሱን ብድግ ዝቅ፣ ብድግ ዝቅ ያደርጋል።

«አያችሁት?» አለ ማይክ የያዘው ሰውዬ። «ሰላም እያላችሁ ነው። መልሱለት እንጂ።»

ሺህ ሰው ራሱን ነቀነቀ። የክርቲስ ልጆችም የዶሮ እግር በአፋቸው እንደያዙ ነቀነቁ።

ወይዘሮ ቨርና ግን አርባ ዓመት ሙሉ ለፈረስ ኮቴ ብረት ሲመቱ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ሰላም እያለ አይደለም» አሉ። «እያነከሰ ነው። ግራ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ነው ራሱን የሚያነሳው፣ ስላመመው። በዚህ እግር ዘሎ ካረፈ ይሰበራል... ሲወድቅ ልጅቷም ከሥሩ ናት።»

አስተናጋጁን ጠርተው ነገሩት።

«ማዘር፣ ትርኢት እኮ ነው» አለና በቆሎ ጨመረላቸው።

የተነሱት ያኔ ነው።

«ያንን ፈረስ አቁሙት!»

የገዛ ወገናቸው፣ ሰማያዊው፣ ጮኸባቸው።

«ማዘር፣ ቀዮቹ ናቸው የላኩሽ?»

«ዶሮሽ ቀዘቀዘ፣ ቁጭ በይ!»

ከኋላቸው የወረቀት ዘውድ የደፋ ወፍራም ሰውዬ አለ። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። «ልጅቷን አታደናቅፊያት» አለና ዳቦ ወረወረ። ትከሻቸውን መታቸው።

ክርቲስ በሀፍረት አንገቱን ደፋ። «እማ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው...»

ወይዘሮ ቨርና የልጃቸውን ጣቶች ከእጅጌያቸው ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ።

አሸዋውን የከበበውን አጥር ተሻገሩ። አንድ እግር... ትንፋሽ... ሌላኛው እግር።

ሄዱና ከሚነደው ቀለበት ፊት አሸዋው ላይ ዘጭ አሉ።

«ተቀመጪ አላችሁኝ» አሉ። «ይኸው ተቀመጥኩ።»

ኬንድራ ልጓሙን ሳበች። ፔፐር ቆመ።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሰደርያ የለበሰው ሥራ አስኪያጅ እየሮጠ መጣ።

«እሜቴ፣ አሁኑኑ በማይኩ ሕዝቡን ይቅርታ ይጠይቁና ይውጡ። አለበለዚያ ቤተሰብዎን በሙሉ አስወጣለሁ።»

ክርቲስ ከአጥሩ ማዶ፣ «እማ፣ በይቅርታ እንገላገል» አለ።

ወይዘሮ ቨርና ማይኩን ተቀበሉ።

«ይቅርታ የምጠይቀው ፈረሱን ነው» አሉ። «አይቼ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብያለሁ። እናንተን አልጠይቅም።»

ተነስተው የፔፐርን ግራ እግር አነሱ። ኮቴው ይፋጃል። የኮቴው ብረት ከተመታባቸው ምስማሮች አንዱን በጣታቸው ጫን ሲሉት ፈረሱ እግሩን መንጭቆ ወሰደ።

«ምስማሩ ሥጋው ድረስ ገብቷል» አሉ። «ያወቀ የለም?»

ኬንድራ ከኮርቻው ወረደች።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች። «ጠዋት ነገርኳቸው። ‹ካልጋለብሽ ነገ እንዳትመጪ› አሉኝ።»

ማይኩ አልጠፋም ነበር። ሁሉም ሰማ።

ያኔ እንኳ ያጨበጨበ የለም። ሥራ አስኪያጁ በሩን አሳየ። ልጆቹ ምግባቸውን ሳይጨርሱ፣ ክርቲስ መሬት መሬት እያየ... ወጡ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ከኋላ የሩጫ ድምፅ ሰሙ።

ያ ዳቦ የወረወረው ሰውዬ ነው።

ክርቲስ ዞረ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱን ከኋላው አድርጎ ቆመ።

«አንድ እርምጃ ብትጨምር ውርድ ከራሴ።»

ሰውዬው የወረቀት ዘውዱን አወለቀ።

«ጋላቢዋ... ልጄ ናት።»

ዘውዱን በእጁ ጨመደደው።

«ስትጋልብ ላያት ስድስት ሰዓት ነድቼ ነው የመጣሁት። ከሁሉም በላይ ዝለዪ ዝለዪ ስል የነበርኩት እኔ ነኝ። ፈረሱ ሲነቀንቅ አብሬው ስነቀንቅ ነበር።» ወደ ወይዘሮ ቨርና ዞረ። «ይቅር በይኝ።»

ወይዘሮ ቨርና አላቀፉትም። አይዞህም አላሉትም።

«ዒላማህ ጥሩ ነው» አሉት። «አሁን ተመለስና ልጅህ ጎን ቁም። እዚያ ውስጥ ብቻዋን ናት።»

ሰውዬው እየሮጠ ተመለሰ።

ክርቲስም የመኪናውን ቁልፍ ለሚስቱ ሰጥቶ... ተከተለው።

ወዳጆቼ፣ ሺህ ሰው ስላጨበጨበ ሕመም ጭፈራ አይሆንም። ያወቃችሁትን ነገር «ያሳፍረናል» ብላችሁ አትዋጡት። ይፈሩ እንጂ የሚያሳፍር ሥራ የሠሩት! ደግሞ የምትጮኹበት ሰው የማንን ልጅ እያዳነ እንደሆነ አታውቁም... የእናንተ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ብትሆኑ ማንን ትሆኑ ነበር... አጥሩን የተሻገሩትን፣ እጅጌ የያዘውን ወይስ ዳቦ የወረወረውን?