ቢጫ ክቦች

አውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ውስጥ የጋሽ ጆሮን እውነተኛ ስም የሚያውቀው የመግቢያ ካርዳቸው ብቻ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ከብዕር የማትበልጥ መዶሻ ይዘው የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ይወጣሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያሉ ያንኳኳሉ። የአዲሶቹ አውሮፕላኖች ክንፍ ብረት አይደለም፤ ተደራርቦ የተጣበቀ የካርቦን ጨርቅ ነው። ንብርብሩ ደህና ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጥ ለውስጥ ከተላቀቀ ድምፁ ይታፈናል። የታፈነ ድምፅ የሰሙበት ቦታ ላይ በቢጫ የሰም እርሳስ ክብ ያደርጋሉ።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ኖረዋል። ድሮ በሳምንት አንድ እርሳስ ይጨርሱ ነበር፤ አሁን አንዱ ለወር ይበቃቸዋል። የአውሮፕላኖቹ ጥራት ነው ይላሉ።

ከዚያ ኤሊ መጣች።

ኤሊ ያሏት ሠራተኞቹ ናቸው። ክንፉ ላይ ተጣብቃ እየተሳበች፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ እየላከች የምትመረምር ማሽን ነች። የምታንቀሳቅሳት ልጅ የመዶሻ አያያዝ የተማረችው ከጋሽ ጆሮ ነበር። ኮርስ ተልካ ስትመለስ ኤሊን ይዛ መጣች።

"መዶሻ ባስያዝኩ ኤሊ ትላክብኝ?" አሉ ጋሽ ጆሮ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

የሃንጋሩ ኃላፊ የሁለቱን መወዳደሪያ ደንብ ያነበበው የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ነበር። ለስልሳ ቀን ጠዋት ጋሽ ጆሮ፣ በምሳ ሰዓት ኤሊ ያንኑ አንድ ክንፍ ይመረምራሉ። ከሰዓት እሱ ራሱ ቢጫ ክቦቹን ቆጥሮ ከማሽኑ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ጋሽ ጆሮ ከማሽኑ እኩል ካገኙ ጡረታቸው እስኪደርስ፣ ማለትም አሥራ አራት ወር፣ ይቆያሉ። ካነሱ ይሰናበታሉ።

"ውጤት የነካካ ደግሞ በዚያው ቀን ይባረራል፤ ማንም ይሁን።"

የመጀመሪያው ቀን ስምንት ለስምንት ወጣ። ሁለተኛው አምስት ለአምስት። ወሩ ሲያልቅ አንድም ቀን አልተለያዩም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። ጋሽ ጆሮ ግን እንቅልፍ አጡ። ስንት ክብ እንዳደረጉ ቆጥረው አያውቁም፤ ቆጠራው የኃላፊው ሥራ ነው፣ ከሰዓት እሳቸው ሌላ አውሮፕላን ላይ ናቸው። ግን ማሽን እንዴት ከሰው አንድ አይበልጥም፣ አንድ አያንስም?

"ልጅቷ ትኮርጃለች" አሉት ለአንዱ የጥገና ሠራተኛ። "የእኔን ክብ እያየች ነው ዝርዝሩን የምትሞላው። ኤሊዋ ዕውር ናት።"

"እኩል እስከሆናችሁ ድረስ ምን ቸገረዎት?"

"በእኔ ጆሮ እሷ ትወደስ? ኤሊዋ ወደ ሳጥኗ ትመለስ እንጂ አሥራ አራት ወር አይደለም፣ ሃያ ዓመት ይቆዩልን ብለው ይለምኑኛል!"

ከዚያ ወዲህ ልጅቷን መከታተል ያዙ። ብዙ ነገር አዩ። የምሳ ደወል ሲደወል እሳቸው በሥራ ተመስጠው ሁልጊዜ የመጨረሻው ወራጅ ናቸው፤ እሷ መሰላሉ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። ምሳ አትበላም። አንድ ቀን ቶሎ ሲመለሱ ክንፉ ላይ ተንበርክካ አገኟት። ኤሊ ሥራዋን ጨርሳ ሳጥኗ ውስጥ ገብታለች። ልጅቷ አንድ ነገር ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተች። ጣቶቿ ቢጫ ነበሩ።

"ክቤን በጣትሽ ትለኪያለሽ አይደል?"

ወርዳ እንደ ልማዷ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። "ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ነው የቀረን። ዝም ብለን እንጨርሰው።"

"አንቺማ ዝም ቢባልልሽ ደስታሽ ነው!"

በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ኃላፊውን ለብቻ ያዙት። "ዛሬ ክብ አላደርግም። ያገኘሁትን ጽፌ በታሸገ ፖስታ እሰጥዎታለሁ። የምትኮርጀው ስታጣ ጉዷን ያያሉ።"

ኃላፊው ሰዓቱን አየና "ይሁን" አለ።

በምሳ ሰዓት ልጅቷ ክንፉ ላይ ወጣች። አንድም ቢጫ የለም። ሁለቱ ሰዎች ከታች ቆመው ያይዋታል። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ጋሼ፣ ክቦቹስ?"

"ምን ያደርጉልሻል?"

"አለቃ፣ ዛሬን ይለፈን። ማሽኑ በደንብ አልተስተካከለም..."

"ሥራሽን ሥሪ" አለ ኃላፊው።

ጋሽ ጆሮ መዶሻቸውን መዳፋቸው ላይ እያንኳኩ ሳቁ።

ፖስታው ተከፈተ፤ አራት። የኤሊ ዝርዝር ወጣ፤ አሥራ አንድ።

"አያችሁ? መኮረጃ ስታጣ ቀባጠረች! ሰባቱን ቦታ ክፈቱትና እንይ። ደህና ክንፍ ነው፣ በጆሮዬ እምላለሁ!"

የጥገና ሠራተኛው የመጀመሪያውን ቦታ ፈቀፈቀው። ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ሁለተኛውም ተነሣ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሰባቱም ያው ነበሩ።

"ሃምሳ ስምንት ቀን እኩል ነበራችሁ" አለ ኃላፊው። "ዛሬ ሰባት እንዴት አመለጠዎት?"

"ምን አሉኝ?"

ኃላፊው ጮክ ብሎ ደገመው።

"እሷን ጠይቋት!" ጋሽ ጆሮ በመዶሻቸው ጠቆሟት። "ተንኮል ሠርታ ነው! ኪሷ ውስጥ የምትደብቀው ነገር አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈትሿት!"

"ጋሼ፣ ይተዉት፣ በእናትዎ።"

"ፈትሿት አልኩ!"

ኃላፊው እጁን ዘረጋ።

ልጅቷ ኪሷን ገለበጠች፤ መዳፉ ላይ የወደቀው ቢጫ የሰም እርሳስ ተጽፎበት ተጽፎበት ከጥፍር አይበልጥም ነበር።