የተጣመመው ማኮብኮቢያ

ባስልዮስ ሰኞ ጠዋት ፈተና አለበት። የአብራሪዎች ማሰልጠኛው አንድ የመጨረሻ ዕድል ብቻ ነው የሰጠው፤ አውሮፕላኑን በማኮብኮቢያው የመሃል መስመር ላይ ካላሳረፈ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ይህን የሚለው ደብዳቤ ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ስር ተደብቋል። አባቱ አያውቁም። ወደ አባቱ ቤት ሞላሌ የመጣው "ዕረፍት ሰጡን" ብሎ ነው።

ምን ዕረፍት አለና! አሥሩን ቀን የፈጀው ጓዳው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ፣ የቪአር መነጽር ፊቱ ላይ አስሮ ነው። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ሰማዩም መሬቱም ዙሪያውን ይታየዋል። ሲያወልቀው ግን ያው አራት ግድግዳ ነው። ውጭውም አይሻል፤ ጉሙ ለአራት ቀን ስላልተነሳ የጎረቤት አጥር እንኳን አይታይም።

የኮምፒውተሩ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ አቅም አጥቶ ምስሉ እየደበዘዘና እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግረው፣ አዲስ አበባ ያለው ጓደኛው ተገኘ የተሻለ ካርድ በመኪና ላከለት። ሐሙስ ዕለት ገጠመው። ሲገጥም መነጽሩ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ፤ አንስቶ ጠረገው፤ የተሰበረ ነገር አልነበረም። ምስሉ ቁልጭ ብሎ ጠራ። መጥራቱ ግን ጉድ ይዞ መጣ። ለማረፍ ሲወርድ የማኮብኮቢያው ነጭ መስመር ቀጥ ብሎ ይመጣና ዓይኑን የጣለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይጣመማል።

"ካርዱ ነው" አለው ተገኘ በስልክ። "የድሮውን ሶፍትዌር አጥፋና አዲሱን ጫን።"

አጠፋ፤ ጫነ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሽ ቀን በላበት። ምንም ለውጥ የለም። የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረገ፤ የመነጽሩን ሁለት መስታወቶች ከዓይኖቹ ጋር አስተካከለ። ወይ ፍንክች። አሮጌውን ካርድ መለሰ፤ እሱማ እየተንቀጠቀጠ ቀጥ ያለውን ከጠማማው የሚያስለይ አልሆነም። አዲሱን መልሶ ሰካ። ዓርብ አሥራ አራት ጊዜ አሳረፈ፤ አሥራ አራቱንም ከመስመሩ ውጭ።

እህቱ ፅዮን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ብቅ አለች።

"ካፒቴን፣ ዛሬስ ስንት ሰው ፈጀህ?"

"ከምትቀልጂ ነይና እይው።"

መነጽሩን አጠለቀች። "ቀጥ ያለ መንገድ ነው።"

"መሃሉን እይ።"

"እያየሁት ነው። ቀጥ ያለ ነው አልኩህ እኮ።"

ባስልዮስ ተናደደ። ብስክሌት እንኳን ነድታ የማታውቅ ሰው ስለ ማኮብኮቢያ ምን ታውቃለች? መነጽሩን ተቀብሏት ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠባቧ ክፍል አፈነችው። እግሩን ላፍታታ ብሎ አባቱ ወደሚጽፉበት ሳሎን ወጣ። መሪጌታ አፈወርቅ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መስኮቱ ስር ተቀምጠው ብራና ላይ ዳዊት ይጽፋሉ። ከትከሻቸው በላይ አጎንብሶ አየ። በወስፌ ያሰመሩት መስመር መሃሉ ላይ ወለም ብሏል። በልጅነቱ የሚያውቀው የእሳቸው መስመር እንደ ተወጠረ ክር ነበር። አባቴ እጃቸው ደከመ ብሎ ሆዱ ባባ። ይህ ደግሞ በአባት ፊት የሚነገር አይደለም።

"ከስተሃል ልጄ" አሉት ቀና ብለው። "እዚያ ውስጥ ታፍነህ እየዋልክ።"

"ሰኞ ፈተና አለኝ አባዬ።"

"ታልፋለህ። ባታልፍም ቤትህ አለ።"

ከስድብ በላይ አመመው። ቤቱ መኖሩን መቼ አጣው፤ የፈራውስ እሱን አይደል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አደረገ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ለማረፍ ሲወርድ መስመሩ እንደ ልማዱ ተጣመመ። በንዴት አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ሌላውን። እንደገና ሞከረ። በግራው ሲያይ ማኮብኮቢያው ቀጥ ያለ ነው፤ የሚጣመመው በቀኙ ሲያይ ብቻ ነው።

የቀኙ መስታወት! ሐሙስ ዕለት ሲወድቅ ከቦታው ተናግቷል ማለት ነው። ደስታው አላስቀምጥ አለው። ይህ ሁሉ መከራ የአንዲት መስታወት ጣጣ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ የሚጠብቀው እውነተኛ አውሮፕላን ነው፤ መነጽር የለ፣ ካርድ የለ። እየሳቀ ሳሎን ገብቶ ለአባቱና ለእህቱ ነገራቸው።

መሪጌታ አፈወርቅ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "አረጋግጠሃል?"

"አዎ አባዬ።"

"እኛ መስመር የተጣመመ ሲመስለን ብራናውን ላዩን ታች እንገለብጠዋለን። ጥፋቱ የብራናው ከሆነ ከብራናው ጋር አብሮ ይዞራል። አንተም መነጽርህን ገልብጠው።"

ሰዓቱ ደርሷል። ቢሆንም የአባቱን ቃል ላለመግፋት ወደ ጠባቧ ክፍል ተመለሰ፤ እሳቸውም ተከተሉት። ፅዮን ሻንጣውን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። መነጽሩን ላዩን ታች ገልብጦ በሁለት እጁ ፊቱ ላይ ያዘው። የተናጋው የቀኝ መስታወት አሁን ከግራ ዓይኑ ፊት፣ ደህናው ደግሞ ከቀኙ ፊት ሆነ።

ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ በተናጋው መስታወት አየ። ማኮብኮቢያው ቀጥ ያለ ነው።

"እህሳ?" አሉት አባቱ።

ግራውን ጨፈነና ቀኙን ገለጠ።

በደህናው መስታወት ውስጥ ማኮብኮቢያው ተጣሞ ነበር።