የማይራገጠው መሪ

ሰኞ ጠዋት ዲትሮይት ዳር ያለው የኦሪን ታከር ጋራዥ ሲከፈት መኪናዋ አልነበረችም። ከጡብ ፋብሪካው ማዶ ቦይ ውስጥ ተገኘች። የፊት ጎማዋ ተጣምሟል።

ታከር ሁለት ዓመት የለፋው በመሪዋ ላይ ነበር። መኪና ገና አዲስ ነገር በነበረበት በዚያን ጊዜ መሪው እንደ በቅሎ ይራገጥ ነበር። ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ዞሮ የነጂውን አውራ ጣት ይሰብራል። ታከር ጎማውን ከመሪው በሚያገናኘው ዘንግ ላይ ሁለት ሞላ አስገባ። ምቱን ሞላው ይውጠዋል፣ እጅ ጋ አይደርስም ይል ነበር። ይህን ፈጠራ ሊገዛ በዚያው ሰኞ አንድ ሰው ከክሊቭላንድ ይመጣል። ካልገዛ ጋራዡ ይዘጋል።

ገዢው እስኪመጣ ማንም እንዳይነዳት ታዟል። የጋራዡ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል የሚያውቁት ታከርና ሁለቱ መካኒኮች፣ ካዚሚርና ዴልበርት፣ ብቻ ናቸው። በሩ አልተሰበረም።

ገዢው ሚስተር ፕሬንቲስ ረፋዱ ላይ ደረሰ። መኪናዋ በፈረስ ተጎትታ ስትገባ ቆሞ አየ። ምድጃው ገና አልሞቀም፤ ታከር ካፖርቱንም ጓንቱንም አላወለቀም። ሲጋራውን ዴልበርት ክብሪት ጭሮ ለኮሰለት።

«ማን ነዳት?» አለ ፕሬንቲስ።

«ጣቱን እዩት» አለ ዴልበርት። የካዚሚር አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አንተ ወሬኛ! ቅዳሜ የዳቦ ቤቱን መኪና ላስነሳ የማስነሻውን ብረት ሳዞር ተመልሶ መታኝ። አጠገቤ ቆመህ ስትስቅ አልነበር?»

«እኔ የሳቅኩት በሌላ ነው።»

ፕሬንቲስ ሊሄድ ኮፍያውን አነሳ። «እንግዲህ መሪው ጣት ይሰብራል ማለት ነው።»



«አይሰብርም» አለ ታከር። «ካዚሚር ነድቷት ቢሆን ጣቱ ደህና ይሆን ነበር። የኔ መሪ ማንንም አይጎዳም። ስለዚህ የነዳት ሰው እጁ ደህና ነው። ዴልበርት፣ እጅህን አሳየን።»

ዴልበርት ዘረጋ። ጭረት እንኳ የለበትም።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ዳክዬ አደን።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ከሥራ ተሰናብተሃል።»

«ሚስተር ታከር፣ ኧረ በእግዚአብሔር! እጄ ደህና ስለሆነ? በረዶው ሊጀምር ነው፤ ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«እሱን ማሰብ የነበረብህ መኪናዋን ከማውጣትህ በፊት ነበር።»

ካዚሚር ቀና ብሎ አላየውም።

ፕሬንቲስ የዴልበርትን እጆች ገልበጥ አድርጎ ደግሞ አያቸው። «ቦይ ውስጥ ገብቶ ጭረት እንኳ የለም!» አለ። «እገዛዋለሁ።» ውሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ብዕር አቀረበ። ታከር ቤቱ ወስዶ በደንብ አንብቦ እንደሚፈርም ነገረው። ፕሬንቲስ ጥንቃቄውን ወደደለት። ታከር ግራ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እስከ በር ሸኘው።

ዴልበርት የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ።

ታከር ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የቀኝ እጁን ጓንት በመቀስ ቀደደችለት፤ አውራ ጣቱ አብጦ ጓንቱ ከእሑድ ጀምሮ አልወልቅ ብሎ ነበር።