ባዶ አፎት

ዶክተር ፀደንያ ወረቀት ላይ የሳለችው ነገር በዛወርቅን ግራ አጋባት። አንድ ረጅም ግድግዳ፣ እግሩን እዚያ ግድግዳ ውስጥ ተክሎ ራሱን ወደ ውጭ ያሰገገ ድቡልቡል ነገር። ልጇ አብነት ጭኗ ላይ ነው። ስምንት ወር ሞልቶታል፤ ክብደቱ ግን የሦስት ወር ሕፃን አያህልም።

«ይሄ የአንጀቱ ግድግዳ ነው» አለች ዶክተሯ። «ይሄኛው ደግሞ ኢንዛይም። ከአዲስ አበባ የመጣው ውጤት፣ አብነት ከተወለደ ጀምሮ ይሄ የለውም ይላል።»

ኢንዛይም። ቃሉን ከአሥረኛ ክፍል ታውቀዋለች፤ ፈተና ላይ መጥቶ ስታዋለች።

«ይሞታል?»

«ኧረ እትዬ፣ ገና ምን ተናገርኩ!» ዶክተሯ ወደ በዛወርቅ ባል ዞረች። አምባው ከማንኪራ ቡና ጫካ በቀጥታ ነው የመጣው። ቢላዋውን የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ተቀብሎታል፤ ባዶው የቆዳ አፎት ብቻ ወገቡ ላይ ቀርቷል። «ጋሽ አምባው፣ አፎትዎን ያውሱኝ።»

እስክሪብቶዋን ከተተችበት። «ቆሽት ወተቱን የሚቆራርጡትን ቢላዋዎች ወደ አንጀት የምትልከው እንዲህ ሸፍና ነው፤ እሷኑ እንዳይቆርጧት። ግድግዳው ላይ የተተከለው ደግሞ የመጀመሪያውን ቢላዋ አፎት ይገፍፍለታል። እሱ ሲወጣ የሌሎቹን አፎት ይገፍፋል። አብነት ጋ የሚገፍፍ የለም። ሁሉም እንደ ተሸፈኑ ያልፋሉ፣ ወተቱም እንደ ገባ ይወጣል።»

በዛወርቅ ያበጠውን የልጁን እግር አየች። አማቷ «ወፈረልን!» እያለች የምትስመው፣ ጣት ሲያርፍበት ጎድጉዶ የሚቀረው እግር።

ዶክተሯ አንድ ብልቃጥ ከፈተች፤ ውስጡ ጥቃቅን ፍሬ ነው። «ይሄ አፎቱ የተገፈፈለት ነው። በተፈጨ ሙዝ፣ ከወተት በፊት። ትኩስ ነገር ላይ እንዳያደርጉት፣ ይበላሻል። አፉንም ይጥረጉለት፤ ድዱ ላይ ከቀረ ያቆስላል።»

«ያቆስላል? ቆሽት ራሷ የፈራችውን እኔ ላጉርሰው? አንጀቱን ከወተቱ በምን ይለየዋል?»

«አንቺ ደግሞ» አለ አምባው፣ «ውሃም ብትሰጪው ይሰምጣል ትያለሽ።»

ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። «የሚገባ ጥያቄ ነው። አንጀቱ መከላከያ ልባስ አለው፤ መጠኑንም እኛ እንለካለን። ሳይወስድ ከቀረ ግን...»

የቀረውን በዛወርቅ በልቧ ጨረሰችው።

ሁለት ፍሬ አንስታ ምላሷ ላይ አደረገች። ጠበቀች። የሆነ ነገር ቆጠቆጣት፤ መድኃኒቱ ይሁን ፍርሃቷ አልለየችውም።

«እንዴት እንደሚለየው አሁንም አልገባኝም» አለች። ቢሆንም ከዘንቢሏ ሙዝ አውጥታ ላጠች፣ በማንኪያ ፈጨች፣ ዶክተሯ የለካችላትን ፍሬዎች ነሰነሰችበት። አብነት ዋጠ። በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሩን ጠረገች። በጣቷ ድዱን ዳሰሰች። ደግማ ጠረገች።

አምባው እስክሪብቶውን ለዶክተሯ መልሶ አፎቱን ወገቡ ላይ አሰረ። «እንሂድ በቃ።»

እሷ አልተነሳችም። አውራ ጣቷን የልጁ እግር ላይ ተጭና አነሳች። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። እስኪሞላ ድረስ፣ ዐይኗን ሳትነቅል ጠበቀች።