የትሁት እርሳስ

ወደ ድንበር የሚሄደው ሎሪ ሊነሳ ሲል፣ ሻይ ሻጯ ዙፋን ፊውዝ የሚያቃጥል አሮጌ አምፕሊፋየር አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችብኝ። ስድስት ዓመት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ የሰው ቴፕ ስጠግን ኖሬ፣ ዛሬ አገሬ መተማ ልገባ ነው። ልጄ ትሁት ዘንድሮ ትምህርት ትጀምራለች፤ ጠዋት የገዛሁላት አዲስ እርሳስ ገና ሳይቀረጽ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ይሉኝታዬ ግን መቼም አይለቀኝም፤ ክዳኑን ፈትቼ አስቀመጥኩ።

በቴስተር ብለካው ሾርት የለበትም። አዲስ ፊውዝ ከትቼ ሳበራው ጧ ብሎ ተቃጠለ።

«ያላ፣ ቶሎ በል ያረጋል! ሎሪው ሞተር አስነሳ!» አለች ዙፋን፣ አንገቷን በበሩ አስግጋ።

«አንድ ፊውዝ ቀይሬ መጣሁ።»

ቀየርኩ። አሁንም ጧ አለ።

«ያላ፣ ቶሎ በል ያረጋል! ሎሪው ሞተር አስነሳ!» አንገቷን በበሩ አስግጋለች።

«ሰማሁ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

በቃኝ፣ ትቼው ልሄድ ነው። የነካሁት ዕቃ ክዳን ውስጥ ቀኑንና የሠራሁትን መጻፍ ልማዴ ነው፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው በከንቱ እንዳይደክም። ክዳኑን ገለበጥኩት።

«ያረጋል። መስከረም 14። ፊውዝ ቀየርኩ።» ከሥሩም ያው፣ ከዚያም ሥር ያው። ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተሞላው በገዛ እጅ ጽሑፌ ነው። ይህን አምፕሊፋየር ከዛሬ በፊት አይቼው አላውቅም። ዛሬ ደግሞ መስከረም 14 ነው።

እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ። ከትሁት እርሳስ የቀረው የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል።